የአክስቴ ምላስ የሆንኩበት ሐምሌ

ባለፈው ቅዳሜ ከለቡ ወደ መካኒሳ የሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ ላፍቶ ላይ መንገዱ ተዘጋጋ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። እኔ መስኮቱ ጋ ነበርኩና ከአንድ ሕንፃ ሥር ካለች ትንሽ ምግብ ቤት የቁሌት ሽታ ገባ። ሽንኩርቱ በደንብ የበሰለ፣ በርበሬው ገና ድስቱን የነካ። አጠገቤ የተቀመጠችው፣ አዲስ ቀሚስ የለበሰች ልጅ ፊቷን ቋጠረችና፣

«እማማ፣ መስኮቱን ይዝጉልን እስቲ፤ ልብሴ ወጥ ወጥ ሊል ነው» አለችኝ።

እማማ መባል ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፤ አሁንም ግን ሲጠሩኝ ዘወር ብዬ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ። መስኮቱን ዘጋሁላት። ወደ ሠርግ ሳትሄድ አትቀርም፣ ምን ታድርግ። ሽታው ግን አንዴ ገብቶብኝ ነበር። ያ ሕንፃ ከቆመበት ብዙም በማይርቅ ቦታ፣ ላፍቶ ገና የጤፍና የሽምብራ ማሳ በነበረበት ዘመን፣ ሁለት ሴቶች አንድ ድስት ላይ አጎንብሰን የከረምንበትን ሐምሌ አስታወሰኝ።

አርባ ምንጭ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ጨርሼ ውጤት እየጠበቅኩ ሳለ አክስቴ አስካለ፣ የእናቴ ታናሽ እህት፣ በመንገደኛ ቃል ላከች፦ «መሲን ስደዱልኝ፤ አዲስ አበባን ላሳያት።» እናቴ በጣም ገረማት። አክስቴ መካኒሳ አቦ አጠገብ ብቻዋን የምትኖር፣ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች የምትተዳደር፣ ለጨዋታ ጊዜ የሌላት ሴት ነበረች። ይሁን እንጂ ግብዣ ግብዣ ነው። ሙዝና ማንጎ በካርቶን አስይዘው አሳፈሩኝ።

የደረስኩት በሐምሌ አቦ ዕለት ነበር። ብርዱን አልረሳውም። እኔ ቆላ ለምጄ በስስ ሹራብ ነበር የመጣሁት፤ አክስቴ አውቶቡስ ተራ ስታየኝ የራሷን ጋቢ አውልቃ ጠቀለለችኝና፣ «ይቺ ልጅ በረዶ ልትሆንብኝ ነው» እያለች ታክሲ ውስጥ ከተተችኝ። መካኒሳ ስንደርስ ጭቃው ጫማዬን ከእግሬ አወለቀው። ሰዎች ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ከተማ የሚባለው ነገር እንዲህ ጭቃ መሆኑን ማን ነግሮኝ!

የሐዋርያት ጾም የተፈታበት ቀን ስለነበር ዶሮ ወጥ ተሠርቷል። በእኛ ቤት «የአስካለ እጅ» ከተባለ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ እናቴ እንኳ እንግዳ ሲመጣባት «አስካለ በኖረች» ነበር የምትለው። ቀለሙ ደስ ይላል፣ እንቁላሉ ያማረ፣ ቅቤው ላይ ላዩን ተንሳፍፏል። ጎረስኩ። ጨው የሚባል ነገር አልነካውም። ምናልባት የአዲስ አበባ ሰው ጨው አይበላ ይሆናል ብዬ ዝም ብዬ በላሁ።

«እንዴት ነው?» አለችኝ።

«በጣም ይጣፍጣል፣ እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎም ይብሉ እንጂ።»

ትክ ብላ አየችኝና ሳቀች። «አንደኛ፣ አንቱታውን ተይው፤ እትዬ በይኝ፣ ይበቃል። ሁለተኛ፣ ውሸታም ነሽ። ከነገ ጀምሮ እኔ ዘንድ ውሸት የለም። የጎደለ ካለ ጎደለ ትይኛለሽ።»

«እሺ» አልኩ። «እንግዲያው ጨው የለውም፣ እትዬ።»

ሳቋ ቀዝቀዝ አለ። ተነስታ ጨው አመጣች።

በማግስቱ ከተማዋን ማሳየት ጀመረች። ከተማ ማሳየት ሲባል ሐውልትና ቤተ መንግሥት መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን ያዞረችኝ ምግብ ቤት ለምግብ ቤት ነው። ጠዋት ፉል ቤት ገባን። ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ተከትፎበት፣ በሸክላ የሚንተከተክ ፉል ከትኩስ ዳቦ ጋር ቀረበልን። ባቄላ በእንዲህ ያለ ክብር ሲቀርብ አይቼ አላውቅም። ከዚያ ወደ ጋሽ ከድር ሄድን። ጋሽ ከድር ከስልጤ የመጡ፣ የአክስቴ የቅርብ ጎረቤት፣ አትክልትና ጭማቂ የሚሸጡ ረጋ ያሉ ሰው ነበሩ።

«የማንጎ አገር ልጅ ናት፤ አሳፍሯት እስቲ» አለቻቸው አክስቴ።

በረጅም ብርጭቆ ታች አቮካዶ፣ መሃል ማንጎ፣ ላይ ፓፓያ አንባብረው፣ ሎሚ ጨምቀው ሰጡኝ። ስፕሪስ ይባላል አሉኝ። እኛ ዘንድ ማንጎ ከዛፍ ወድቆ ሰው ይረግጠዋል እንጂ እንደ ባንዲራ በቀለም አይደረደርም። አቮካዶውን በማንኪያ ስቀምስ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ንገሪኝ» አለች አክስቴ፣ ወደ እኔ ጠጋ ብላ። «ምን ምን ይላል?»

«እ... ቅቤ የሆነ ቅጠል ነው። ሎሚው ባይኖር ይሰለቻል። ሎሚው ነው የሚቀሰቅሰው።»

ጋሽ ከድር ጭማቂ የሚጨምቁበትን እጃቸውን አቁመው ተመለከቱኝ። «ወላሂ፣ ይቺ ልጅ አፍ አላት» አሉ።

በሌላ ቀን ክትፎ ቤት ሄድን። ቆጮውን ከእኛም አገር አውቀዋለሁ፤ ለብ ያለው ሥጋ ግን አስፈራኝ። አንዴ ከጎረስኩ በኋላ ፍርሃቴ የት እንደገባ አላውቅም። አክስቴ ቅቤው እንዴት እንደተነጠረ፣ ኮረሪማው ይብዛ ይነስ፣ ሚጥሚጣው የሚመጣው ፊት ነው ወይስ ኋላ እያለች ትመረምረኛለች። ሳር ቤት ሰፈር አንድ ኬክ ቤት ገብተን፣ በስሱ የተነባበረ፣ ዱቄት ስኳር የተነሰነሰበት ኬክ ስገምጥ ስኳሩ አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ አስነጠሰኝ፤ ጠረጴዛው፣ ማኪያቶው፣ የአክስቴ ጥቁር ሹራብ ሁሉ ነጭ በነጭ ሆነ። አስተናጋጇ ሳይቀር ተንከትክታ ሳቀች። ላፍቶ መንገድ ላይ ካለች ጠጅ ቤት ደግሞ ብርዝ አጠጣችኝ፤ ማሩ የጢስ ሽታ ነበረው፣ እሱንም ነገርኳት።

እውነቱን ልናገር፣ ከምግቡ ይልቅ ጥያቄው ጣፈጠኝ። በእኛ ቤት ልጅ የቀረበለትን በልቶ ያመሰግናል እንጂ አስተያየት አይጠየቅም። እዚህ ግን አንዲት ትልቅ ሴት እኔ ስናገር አፌን ታያለች፤ መልሴን ትጠብቃለች። በአንድ ሳምንት ውስጥ ቁመቴ የጨመረ ነበር የመሰለኝ። እሷ ራሷ ከቀረበው ሁሉ ቆንጥራ መተዋን አይቻለሁ፤ ጠግባ ነው ብዬ አለፍኩት።

ይህን ሁሉ ዙር የምንዞርበትንም ምክንያት የማውቅ መስሎኝ ነበር። አክስቴ ላፍቶ መንገድ ዳር አንዲት ቤት ተከራይታ ምግብ ቤት ልትከፍት ነው። የኖረችባትን የስፌት መኪና ሳይቀር ሸጣ ድስትና ወንበር ገዝታለች። ፍልሰታ ከመግባቱ በፊት ባለው እሑድ ልትከፍት ለመካኒሳ ሰው ሁሉ ተናግራለች። የሌላውን ቤት ምግብ ብትቀምስ፣ ብታስቀምስ ምን ይገርማል?

አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠዋል። እኔ በረንዳ ላይ ቆሜ ጎርፉን አያለሁ። የሚያር ነጭ ሽንኩርት ሸተተኝ። ትንሽ ጠበቅሁ፤ ሽታው ባሰበት። ሮጬ ስገባ አክስቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ሥጋ ትከትፋለች፣ ታንጎራጉራለች። ከጀርባዋ፣ ምድጃው ላይ፣ ድስቱ ይጨሳል።

«እትዬ፣ አረረ!»

ዞር አለች። ድስቱን በጨርቅ ይዛ ወደ ደጅ አወጣችና ዝናቡ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ዱካዋ ላይ ተቀመጠች።

«መቼ ነው የሸተተሽ?»

«ቆየ እኮ። ከበረንዳው ነው የሸተተኝ።»

«እኔ አጠገቡ ነበርኩ» አለች። እጆቿን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ታያቸዋለች። «አይሸተኝም፣ መሲ። ኅዳር ላይ ጉንፋን ጥሎኝ ነበር። እሱ ሲሄድ ሽታውን ይዞብኝ ሄደ። ከሽታው ጋር ጣዕሙም ሄደ። ጨውና ስኳር እንኳ ከሩቅ እንደሚጠራኝ ሰው ነው፤ ድምፁን እሰማለሁ፣ ማን እንደሆነ ግን አላውቅም። ሐኪሙ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል አለኝ።»

«ቤቱን ስትከራዪ ታውቂ ነበር?»

«የተከራየሁት ከመታመሜ በፊት ነው። ከዚያ ወዲያ ምን ብዬ ልመለስ? ሽታ የማታውቅ ባለምግብ ቤት ብዬ ላስነግር?»

ዝናቡ ለአፍታ ጋብ አለ። «እና የጠራሽኝ ከተማ ልታሳዪኝ አይደለም?»

አክስቴ ቀና አለች። «ላሳይሽም ነው፣ ባንቺ ልይም ነው» አለችኝ። «ሕፃን ሳለሽ እናንተ ቤት መጥቼ ገንፎ ብሰጥሽ፣ ‹ይሄ ማንኪያ ዓሣ ነክቶታል› ብለሽ መለስሽልኝ። ማንኪያው ታጥቦ ነበር! ኅዳር ላይ አልጋ ላይ ተኝቼ ሳለቅስ ትዝ ያልሽኝ አንቺ ነሽ።»

ኮራሁም፣ ከፋኝም። እንደ ውድ እንግዳ የተጠራሁ መስሎኝ እንደ ዕቃ ተፈልጌ ነው የመጣሁት እያልኩ ቀሚሴን ሳጥፍ ሳጣጥፍ አመሸሁ። ቆይቶ ግን አንድ ነገር ገባኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም ሰው እኔን አጥብቆ ፈልጎኝ አያውቅም። ለውሃ መቅጃ፣ ለመላላኪያ፣ አዎ። የእኔ ብቻ ለሆነ ነገር ግን፣ ማንም። ተነስቼ ወደ ማድቤቱ ገባሁና፣ «ሽንኩርት የት አለ? እንላጥ» አልኳት። አክስቴ አቅፋኝ አንገቴ ሥር ብዙ ቆየች። እንባዋ ይሁን የሽንኩርቱ አላወቅሁም።

ከዚያ በኋላ የሠራነው ሥራ ዛሬም ይገርመኛል። እጁ የእሷ፣ ምላሱ የእኔ። እሷ በጆሮ ማብሰል ጀመረች፤ ሽንኩርቱ ውሃውን ሲጨርስ ድምፁ እንደሚለወጥ ያኔ ነው ያወቅሁት። እኔ ደግሞ ጣዕምን በቃል መናገር ተማርኩ። «ትንሽ ጨው» ስላት፣ «ትንሽ የማን ትንሽ ነው? የቁንጥር ነው የጭብጥ?» ትለኛለች። ሰው ፊት እንዳንጋለጥም ምልክት ፈጠርን፤ ጨው ካነሰ ጆሮዬን እነካለሁ፣ ቅመም ካነሰ ነጠላዬን አስተካክላለሁ።

ወጣችን ቀስ በቀስ ወጥ ሆነች። አክስቴን የሚያስጨንቃት ግን ሌላ ነገር ነበር። «ደህና ነው ትያለሽ። ደህናማ ሁሉም ቤት ደህና ነው። ሰው ጭቃ ረግጦ ወደ እኔ የሚመጣበት ምን አለ?»

መልሱ የመጣው ከብርድና ከናፍቆት ነው። አንድ ቀን ገበያ ውስጥ ቀይ እሸት ቃሪያ አየሁና የእናቴ ዳጣ አማረኝ። ዳጣ በእኛ አገር ከማዕድ የማይለይ፣ ቃሪያ ከዝንጅብል፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከበሶብላና ከጤና አዳም ጋር ተፈጭቶ የሚሠራ ማባያ ነው። ለራሴ ብዬ ትንሽ ፈጨሁ። የበግ ቅቅል ሠርተን ስለነበር መረቁ ላይ ጨመርኩና ሁለት እጄን ሳህኑ ላይ እያሞቅሁ መጠጣት ጀመርኩ። ከተማው ከገባሁ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አጥንቴ ሞቀ።

አክስቴ ዳቦ ቆርሳ ዳጣው ውስጥ ነከረች።

«ኧረ ያቃጥላል፣ እትዬ! በስሱ!»

«እኔን ደግሞ ምን ሊያቃጥለኝ» አለችና ደህና አድርጋ ጎረሰች።

አኘከች። ቆም አለች። ዓይኖቿ ፈጠጡ፣ ፊቷ ቀላ፣ ሳል ያዛት። ውሃ ይዤ ስሮጥ በእጇ ገፋችኝ። እንባዋ ይወርዳል፣ አፍንጫዋ ይወርዳል፣ እሷ ግን ትስቃለች።

«መሲ! መሲዬ! አፌ ውስጥ ሰው ገባ!»

ደግማ ነከረች። ሦስተኛም። «አቃጠለኝ እኮ! እሰይ፣ አቃጠለኝ!» እያለች ማድቤቱን ዞረችው። ጣዕሙን አላገኘችውም፤ ያገኘችው እሳቱን ብቻ ነው። ግን ከኅዳር ወዲህ ምግብ ሲያናግራት የመጀመሪያዋ ነበር። እኔም አብሬያት ጎረስኩ፣ አብሬያት አለቀስኩ፣ አብሬያት ሳቅሁ። ጋሽ ከድር ጩኸታችንን ሰምተው፣ «ሰላም ነው?» እያሉ ከደጅ ሲጣሩ አፋችን ተቃጥሎ መልስ መስጠት አቃተን። ቤቱ የሚከፈተው በቅቅልና በዳጣ እንዲሆን የተወሰነው እዚያው ነው።

የመክፈቻው እሑድ ሰማዩ ተቀደደ። ቅቅሉ ከማለዳ ጀምሮ ይንተከተካል፤ አክስቴ የክት ቀሚሷን ለብሳ በር በሩን ታያለች። መጀመሪያ የመጡት ጋሽ ከድር ናቸው፣ ፓፓያ በዘንቢል ይዘው። አክስቴ ሙስሊም መሆናቸውን አስባ ምን እንደምታቀርብላቸው ስትጨነቅ፣ «ዳቦና ዳጣ አምጪልኝ» አሉ። «ሥጋው ባያገናኘንም ዳጣው ያገናኘናል።» አንዴ ጎርሰው ኮፍያቸውን አወለቁና ራሳቸውን በመሐረብ ጠረጉ። «አልሐምዱሊላህ! ይሄ ነገር ካፖርት ነው።»

ከእሳቸው በኋላ ግን ማንም አልመጣም። ረፋዱ አለፈ፣ ቀትር ሆነ። መንገዱ ላይ ከጎርፍ በቀር የሚሄድ ነገር የለም። አክስቴ የተጠረገውን ጠረጴዛ ደግማ ደጋግማ ትጠርጋለች፤ እኔ እሷን ላለማየት ድስቱን አያለሁ።

ከምሳ ሰዓት አለፍ እንዳለ አንድ ሚኒባስ በራችን ፊት ለፊት ጭቃ ውስጥ ተዘፈቀ። ሹፌሩ ቢያስጓራው፣ ተሳፋሪው ቢገፋው ወይ ፍንክች! ሁሉም በስብሰው ጣራችን ሥር ሊጠለሉ መጡ። አክስቴ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

«ግቡ እንጂ! ከበረንዳ ምን አለ? እሳት አለ፣ መረቅ አለ!»

ቤቱ በአንዴ ሞላ። ቀዳሁ፣ አደልኩ፣ ሮጥኩ። ከችኮላዬ የተነሳ ከትከሻዬ የሚንሸራተተውን ነጠላ ሳስተካክል፣ አክስቴ ከማዶ አይታ ቅመም አነሰ ያልኩ መስሏት ጭብጥ ሙሉ ወደ ድስቱ ልትጨምር ስትል «ኧረ አይደለም!» ብዬ ጮህኩ። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየን። እኛም እንደ ሌባ ዓይን ለዓይን ተያይተን ሳቃችን አመለጠን።

ሹፌሩ ግዙፍ ሰው ነበር። ዳጣውን እንደ ሽሮ በማንኪያ ዛቀው። «ወንድሜ፣ በጥቂቱ ነው» ብዬ ነገርኩት።

«እኔ የሐረር በርበሬ ያሳደገኝ ነኝ» አለኝና ጎረሰ። ግንባሩ ላብ አወጣ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሁሉም ይጠብቃል። መረቁን በላዩ ላይ ግጥም አድርጎ ጠጣና ጠረጴዛውን መታው። «እናቴ ትሙት፣ አሁን መኪናውን ብቻዬን አወጣዋለሁ!» ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። እውነትም ወጥተው ገፉት፤ መኪናው ወጣ፤ ግማሾቹ ግን ቅቅላቸውን ሳይጨርሱ አንሄድም ብለው ተመልሰው ገቡ። ማምሻውን ድስቱ ባዶ ሆነ።

በሳምንቱ ሹፌሩ ሌሎች ሹፌሮች ይዞ መጣ። አክስቴ በሩ ላይ ያጻፈችው ሌላ ስም ነበር፤ ሹፌሮቹ ግን «ዳጣ ቤት፣ ወራጅ አለ!» ማለት ስለጀመሩ ስሙ በዚያው ጸና። ውጤቴ መጥቶ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ አዲስ አበባ ደረሰኝና ቅዳሜና እሑድ ምላስ መሆኔን ቀጠልኩ።

የአክስቴ ሽታ መቼ ተመለሰ ብትሉኝ፣ በጥቅምት አንድ ጠዋት ነው፤ ያውም ግማሹ። እልልታዋ ጎረቤቱን ሁሉ ከቤቱ አወጣው። ጋሽ ከድር ሮጠው መጥተው፣ «ምን ተገኘ?» ሲሏት፣ ከቤቷ ጀርባ ያለውን ቆሻሻ የሚሄድበትን ቦይ በጣቷ እያሳየች፣

«ሸተተኝ! ቦዩ ሸተተኝ! እንዴት ያለ ግማት ነው፣ ተመስገን!» አለች።

ዳጣ ቤት አሁን የለም፤ መንገዱ ሲሰፋ ፈርሷል። እኔም አርባ ምንጭ ከኖርኩት ይልቅ አዲስ አበባ የኖርኩት በልጧል። ለረጅም ጊዜ የኖሩባት ከተማ አፍ ላይ ጣዕሟ ይደበዝዛል። ስልክ እያወራሁ ማኪያቶዬን ጨርሼ፣ ስኳር ማድረጌን የማላስታውስበት ቀን ብዙ ነው። እንግዳ ጠርተን ከተማ አሳየነው እንላለን እንጂ፣ የሚያሳየን እሱ ይመስለኛል።

ቅዳሜ ዕለት መካኒሳ ስደርስ አክስቴ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ፀጉሯ ጥጥ ሆኗል። የእህቴ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አዲስ አበባ እንደሚመጣ ስነግራት ወዲያው፣ «መጀመሪያ ዱለት ነው የምናበላው» አለች።

«ኧረ እትዬ፣ ከአውቶቡስ ሳይወርድ ዱለት? በለዘበ ነገር ይጀምር እንጂ።»

«የቱንም ይብላ ግዴለኝም። የመጀመሪያዋን ጉርሻ ሲውጥ ፊት ለፊቱ የምቀመጠው ግን እኔ ነኝ» አለችና፣ ምርኩዟን ይዛ ተነስታ ጫማዋን መፈለግ ጀመረች።

ልጁ የሚመጣው ገና በሚቀጥለው ሳምንት ነው።